የፊልም ማሽኑን ዘይት ያየሁባቸው ቅዳሜዎች

ደባርቅ ላይ በጽሕፈት ሥራ ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዳባት የመጣሁ ነኝ። በሚኒባስ ቢኬድ ቅርብ መንገድ ነው፤ እናቴ ግን ባሕር የምሻገር ያህል አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የተመደብኩበት ቢሮ የባህልና የማስታወቂያ ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ ከከተማው አዳራሽ ጀርባ የተቀጠሉ ሦስት ክፍሎች ነበሩት። የእኔ የመጨረሻዋ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ወደ ሊማሊሞ የሚያሳይ አንድ መስኮት። ከግድግዳው ማዶ የፊልም ማሽኑ ክፍል ነበር።

ስለዚያ ዘመን ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ጉም ነው። ከገደሉ ሥር ይነሣና ቀስ እያለ ከተማዋ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣራዎቹን፣ በመጨረሻ የእኔን መስኮት ይሸፍናል። ከዚያ ወዲያ ከዓለም የሚቀርልኝ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከመንገዱ የበቅሎ ኮቴ፣ ከጠረጴዛዬ የመኪናዬ ጠቅ ጠቅታ፣ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ያ ማሽን። ሲሠራ ጠግባ ምድጃ ዳር እንደተኛች ድመት ያንኮራፋል። ፊልም የሚታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም፣ ኦፕሬተሩ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ያለ ፊልም ለጥቂት ደቂቃ ያስነሡት ነበር። እኔም እጄን ከመኪናው ላይ አንሥቼ አዳምጣለሁ። ለምን እንደምወደው አላውቅም። ብቻዬን በተከራየኋት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያረጋጋ ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

ኦፕሬተሩን ሁሉም ሰው ጋሼ ነበር የሚላቸው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ካፖርት ከላያቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ፊልም ማሳየት የተማሩት ወታደር ቤት ነው። ከዚያም ማሽኑን ይዘው ብዙ አገር ዞረዋል፤ መንግሥት ሲለወጥ ሁለቱም ደባርቅ ላይ ነበሩና እዚያው ቀሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንዲት ልጃቸው ጎንደር ባል አግብታ ትኖራለች። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም። ግቢው ውስጥ ስንገናኝ ቆብ ነካ አድርገው «እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል፤ አንዳንድ ቀን ግን ፊት ለፊት አልፌአቸው ዝም ይሉኛል። ኮርተው ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ እንደልማዴ አዳራሽ ገብቼ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ከፊታችን ግድግዳው ላይ የተወጠረው አቡጀዴ አለ። አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ በዝናብ ውስጥ ሰው የምትጠብቅበት ፊልም ነበር። የምትናገረውን ማናችንም አንሰማውም፤ ቋንቋው የሌላ ነው። ግን ሁላችንም አብረናት እንጠብቃለን። ከራሳችን በላይ የሚያልፈው ብርሃን ውስጥ አቧራው እየተገላበጠ ይዋኛል።

መሐል ላይ ድምፁ ተለወጠ። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሰማሁት፤ ወራት ሙሉ በግድግዳ በኩል ስሰማው ኖሬአለሁና። የድመቷ ማንኮራፋት ቀረና ደረቅ ነገር፣ ወፍጮ ያለ እህል ሲዞር ዓይነት፣ ይሰማ ጀመር። ወዲያው ምስሉ ተንቀጠቀጠ። የሴትዮዋ ጃንጥላ ወደ ላይ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይዘላል። ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ማፏጨት ጀመረ።

ተነሥቼ ወደ ማሽኑ ክፍል የሚያስወጡትን አራት የእንጨት ደረጃዎች ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ማሽኑ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ? ድምፁ ተለውጧል» አልኩ።

«ገብቶኛል።»

«ዘይት አንሶት ይሆን?»

«ዘይቱ ሙሉ ነው። ትናንት አይቼዋለሁ። ይኸው፣ ራስሽ እዪው» አሉና በጣታቸው ወደ ጎን አመለከቱኝ።

እዚያ ላይ ትንሽ የብረት ሳጥን አለ። ፊልሙን አንድ አንድ ምስል እየጎተተ የሚያወርደው ጥርሳም ብረት በዚያ ሳጥን ውስጥ፣ ዘይት ተሞልቶለት ነው የሚዞረው። በሳጥኑ ጎን የካፖርት አዝራር የምታህል ክብ መስታወት ተገጥማለች፤ በመስታወቷ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መታየት አለበት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስታወቷ ባዶ ናት። ከታች ብቻ ጥቁር እድፍ ይታያል። ከማሽኑ እግር ሥር ደግሞ ወለሉ ላይ ሰፊ የዘይት እርጥበት አለ፤ ጋሼ በጫማቸው ረግጠውት ቆመዋል።

«ባዶ ነው» አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ማብሪያውን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ዳሰሱ፤ ወደ ግራ ሄዱ፤ አገኙት፤ አጠፉት። ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ጩኸቱ በረታ። ያኔ ነው ፊታቸውን በደንብ ያየሁት። በሁለቱም ዓይናቸው መሐል፣ ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ፣ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን ያዩኛል?»

«መቆምሽን አያለሁ። ፊትሽ ግን የለም» አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ለማንም አትንገሪ።»

እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። ወርጄ ለሰዉ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ለሚመጣው እሑድ ኑ ብዬ ተናገርኩ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ወደ ክፍሌ መጣ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቶሎ የሚናደድ ቶሎ የሚበርድ ልጅ ነበር። ፊልሙ ለምን እንደተቋረጠ የሚገልጽ ሪፖርት ጋሼ በቃል እንዲያስጽፉኝና እንዳቀርብ አዘዘኝ። ጋሼ ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ጻፊ» አሉ። «የዘይት ማፍሰሻው ጎሚኒ አርጅቶ ስለተሰነጠቀ ዘይቱ ፈሷል። አዲስ ተቆርጦ ይገጠማል።»

ጻፍኩ። እውነት ነበር፤ የማፍሰሻዋን ብሎን የሚያትመው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ በእርግጥም ተሰንጥቋል። ከዚያ መኪናው ላይ እጄን እንደዘረጋሁ ጠበቅኩ። የቀረ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሌላስ?» አልኩ።

«ሌላ የለም» አሉ።

ወረቀቱን ከመኪናው አወጣሁት። ጎዶሎ ሪፖርት እያወቅኩ ያስገባሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ሲወጡ ግን ከኋላ ተከትዬ በረንዳው ላይ ያዝኳቸው።

«አንድ ነገር ብቻ እሺ ይበሉኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱን እኔ ልየው።»

ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሁለታችንም ዓይናችን የተጋረደ ያህል ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታየንም።

«ካየሽ አይቀር የዘይት ለውጡንም ተማሪ» አሉ በመጨረሻ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አዲሱን ጎሚኒ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠው ጠበቁኝ። በጣታቸው ለክተው ነው የቆረጡት፤ እኔ በዓይኔ ብቆርጠው ያን ያህል ክብ አይወጣልኝም። ከፊታቸው አንድ ባዶ ጣሳ፣ ካቻቢቴ፣ ከአሮጌ ሸሚዝ የተቀደደ ጨርቅ፣ ከጤና ጣቢያ የተገኘ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና በጠርሙስ ያለ ዘይት ተደርድሯል። ዘይቱ ገበያው አጠገብ ከሚሰፉ አንድ ልብስ ሰፊ የመጣ ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት።

«የሞተር ዘይት ለምን አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይወፍራል። ይኼ ብረት በጥድፊያ የሚሠራ ነው፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ ሲል ነው የሚውለው። ወፍራም ዘይት ውስጥ ከነከርሽው ጭቃ ውስጥ እንደሚሮጥ ሰው ይሆንብሻል።»

መጀመሪያ የቀረችውን ዘይት ላለመጨረስ ማሽኑን በእጅ ብቻ ጥቂት አዞርነው። ወደፊት ዘይቱ ሙሉ ሲሆን ግን አስነሥተን ማሞቅ እንዳለብን ነገሩኝ፤ የሞቀ ዘይት እድፉን ይዞ ይወጣል። ከታች ያለውን ብሎን ፈታሁ። ጥቁር ነገር ጠብ ጠብ እያለ ጣሳው ውስጥ ወረደ። ጋሼ ሌባ ጣታቸውን ነክረው ከአውራ ጣታቸው ጋር አሹት። ወደ አፍንጫቸው አቀረቡት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደገና አሹት።

«የሚያብረቀርቅ ነገር አለው?» አሉኝ።

ጣሳውን ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኩት። ከጥቁሩ መሐል እንደ አሸዋ የደቀቀ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል።

«አለው። እንደ ብር።»

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው።»

ተነፈሱ። «ጥርሱ ተልጓል ማለት ነው። ገና አልሞተም።»

ሳጥኑን በቤንዚን አጥበን በጨርቁ አደረቅነው። አዲሱን ጎሚኒ አስገብቼ ብሎኑን አጠበቅኩ። «እስኪያንገራግር ድረስ፤ ከዚያ ሩብ ብቻ» ይሉኛል። ከላይ ባለችው ቀዳዳ በሲሪንጁ ዘይቱን አንጠባጠብኩ። መስታወቷን ጎንበስ ብዬ እያየሁ የደረሰበትን እነግራቸዋለሁ፤ «ታችኛው መስመር ጋ ደረሰ፣ አለፈው፣ መሐል ላይ ነው።» «በቃ!» ይላሉ። በእጅ አምስት ጊዜ ሲዞር ዘይቱ ዝቅ ይላል፤ ውስጥ ለውስጥ ቦታውን ይይዛልና። ያኔ ትንሽ እንጨምራለን። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ማብሪያው የሚነካው።

ሲነሣ ድምፁ ተመልሶ ነበር። እውነት ለመናገር ትንሽ ሸካራነት ቀርቶበታል። ቢሆንም ያ ለስላሳ ማንኮራፋት ክፍሏን ሞላት። ብርሃኑ በሽፋኑ ክፍተት ወጥቶ ጣራው ላይ ይርገበገባል። የሞቀ ዘይት ሽታ፣ የአሮጌ ፊልም ሽታ፣ ከውጭ የሚገባው እርጥብ አፈር። ሁለታችንም እናዳምጣለን። ከዚያ ወዲህ የት ሄጄ የት እንደዋልኩ የማላስታውሳቸው ብዙ ቀኖች አሉ፤ እነዚያን ቅዳሜዎች ግን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እገባባቸዋለሁ።

ዓይናቸውን እንዲታከሙ ደጋግሜ ጠይቄአቸዋለሁ። «ሐኪም ካየው ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱ ቢሮ ይመጣል። የማያይ ኦፕሬተር ደግሞ ማንም አያስቀምጥም» ነበር መልሳቸው። ልጃቸው ዘንድ የማይሄዱትም እንዳታውቅባቸው ነው። እንዲህ እያልን ክረምቱ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ኃላፊያችን ጊች ሄደን ፊልም እንድናሳይ አዘዘ። ጊች ከከተማው ወዲያ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከፍታ ላይ ያለ የገብስ አገር ነው፤ መኪና አይደርስበትም። የሚታዩት ስለ ከብት በሽታና ስለ ንጹሕ ውሃ የተሠሩ ሁለት አጫጭር ፊልሞች ነበሩ። ጋሼ ከሣጥናቸው ሥር ሌላ አንድ ጥቅል አውጥተው ጨመሩ። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ባሕር ነው» ብቻ አሉኝ። የቢሮው አሽከርካሪ በቡይት ራስ በኩል አውጥቶ ሳንቃበር አደረሰን። ከዚያ ማሽኑን በሁለት ሣጥን፣ ትንሿን ጄኔሬተር ደግሞ ለብቻዋ ሦስት በቅሎዎች ላይ ጭነን ከባለ በቅሎዎቹ ጋር ጉዞ ጀመርን።

ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። መንገዱ ወደ ጅንባር ወንዝ ሲወርድ በአንድ በኩል ጠርዙ አይታወቅም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣሩን እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። ጋሼ ዘይቱ ያለበትን ጠርሙስ ካፖርታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በመጨረሻዋ በቅሎ የጭነት ገመድ ላይ እጃቸውን አድርገው ይሄዳሉ። ለሚያያቸው ጭነቱን የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። በቅሎዋ ስታዘግም ያዘግማሉ፣ ስትቆም ይቆማሉ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ «ድንጋይ ነው፣ ወደ ቀኝ» እያልኩ በሹክሹክታ እናገራለሁ።

«ዝም በይ፣ በቅሎዋን እየሰማሁ ነው» አሉኝ አንድ ቦታ ላይ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ፤ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው ወንዙ የደረስኩት።

ጊች ማታ ገብተን ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ጠዋት ገብሱ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ማሽኑን በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ገጥመን በእጄ ለማዞር ብሞክር አልንቀሳቀስ አለኝ። መስታወቷን አየሁ። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል አለ፤ ግን ማሽኑን ዘንበል ሳደርገው አብሮ አያዘነብልም። እንደ ማር ረግቷል።

«ብርድ ነው» አሉ ጋሼ። «አውጪውና ይኼንን ጨምሪ።» ከካፖርታቸው ውስጥ ጠርሙሱን አወጡ። ሲቀበሉት ይሞቃል፤ ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸው ላይ ይዘውት ነበር።

ያደርንበት ቤት እመቤት ፍም በገል አምጥታ ከሳጥኑ ሥር አኖረችልን። ቤንዚኑን አርቀን ዘይቱ እስኪላላ ጠበቅን። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ከበውን ቆመዋል። ብሎኑን ስፈታ ዘይቱ በቀጭኑ እየተሳበ ወረደ። የሞቀውን ሞላሁ። በእጄ አዞርኩት፤ አንዴ አንገራገረ፣ ሁለተኛው ላይ ለቀቀ። ከኋላዬ አንዲት እናት «እሰይ!» ስትል ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው፣ ብቻ ሲለቅ አይታለች።

የከብቱና የውሃው ፊልም በጸጥታ ታየ። መስኮቶቹን በበርኖስና በቆዳ ሸፍነናቸዋል፤ በሩ ግን ሰው ስለሞላበት አልተዘጋም። የባሕሩ ጥቅል ሲጀምር ጉሙ ከውጭ እየተሳበ በሰዉ እግር መሐል ገባ። ፊልሙ ምንም ታሪክ የለውም። ውሃ ብቻ ነው፤ ይነሣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል። ጥቂት ሰዎች በጀልባ ወጥተው መረብ ይጥላሉ። ብርሃኑ በጉሙ ውስጥ ሲያልፍ ማዕበሉ አቡጀዴው ላይ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን በላይ አየሩ ላይም የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ብርሃኑን ዳሰሱት። ማንም አልሳቀባቸውም።

ጥቅሉ ሲያልቅ የደብሩ ቄስ ተነሥተው ወደ ማሽኑ መጡ። ሰባ የሚሆናቸው፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

«ይፍቱኝ አባ» አሉ ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው።

«እግዚአብሔር ይፍታ።» ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉላቸው። ጋሼ ጎንበስ አሉ። መስቀሉ በስተግራቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ግን በቀኝ በኩል አየሩን ሳመ። ቄሱ መስቀሉን ወደ ከንፈራቸው አመጡላቸውና አሳለሟቸው። ከዚያ አገጫቸውን በጣታቸው ደግፈው ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«ሞራ ነው» አሉ። «እኔንም ጋርዶኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴውን በቃሌ ነው የቀደስኩት፤ መጽሐፉ ተዘርግቶ ይቆማል፣ እኔ ገጹን እገልጣለሁ፣ ፊደሉን ግን አላየውም።»

«ማን ያውቅ ነበር አባ?» አሉ ጋሼ።

«ሁሉም ያውቅ ነበር። አያውቁም ብዬ የማስበው እኔ ብቻ ነበርኩ።» ቄሱ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ጎንደር ወስደው ገፈፉልኝ። በማግስቱ ጨርቁ ሲፈታ የልጄን ልጅ አየሁት፤ ጥርሱን ያወለቀ ነበር። ይሂዱ። ዛሬ ያሳዩንን ባሕር እርስዎ አላዩትም እኮ።»

ቄሱ ሲሄዱ ጋሼ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቁጭ አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ማሽኑን መፍታት ጀመርኩ። ጥቅሎቹን ወደ ሣጥናቸው እያስገባሁ ሳለ «የዓይኔን ነገር ለኃላፊው እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አሉኝ።

ደባርቅ እንደተመለስን ተያይዘን ቢሮው ገባን። ጋሼ ቆመው ሁሉንም ነገሩት፤ ዓይናቸውን፣ ያን እሑድ፣ ጎዶሎውን ሪፖርት። ሪፖርቱን «እኔ ነኝ ያስጎደልኩት» አሉ። «እኔም እያወቅኩ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ኃላፊው ፊቱ ቀላ፤ ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ታዲያ እስካሁን ዘይቱን ማን ነበር የሚያየው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ማሽኑን ማስነሣት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ኃላፊው ወረቀት ጎተተና በእጁ ጥቂት መስመር ጽፎ ወረወረልኝ። ጋሼ ለሕክምና ፈቃድ እንደተሰጣቸው፣ እኔም ከጽሕፈት ሥራዬ በተጨማሪ የፊልም ማሽኑ ረዳት እንደሆንኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። «ተይቢና አምጪው፤ ልፈርም» አለኝ። የራሴን ሹመት ራሴ ተየብኩ። አንድ ፊደል ስቼ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

ጎንደር የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ዳባት ሲቆም እናቴ ቆሎ ይዛ በመስኮት ሰጠችን፤ ጋሼን «አይዞዎት፣ ወንድሜ» አለቻቸው። ልጃቸው መናኸሪያው ጠብቃን ነበር። አባቷን ስታይ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እንደገና ተቆጣች። በመጀመሪያ አንዱን ዓይን ብቻ ነበር የሠሩላቸው። ጨርቁ በማግስቱ ጠዋት ሲፈታ ሁለታችንም አልጋው አጠገብ ነበርን። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነባል። ልጃቸውን አዩ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ፤ በጣም ቆይተው አዩኝ።

«ወፍራም ትመስይኝ ነበር» አሉ። «ከድምፅሽ።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ነርሷ ዝም በሉ እስክትለን ድረስ።

ደባርቅ የተመለሱት ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ወፍራም መነጽር አድርገው። እሑድ ደረሰ። ደረጃውን ወጥተው ቦታቸውን እስኪይዙ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ከበሩ ላይ ቆመው «ዛሬ አንቺ አሳዪ፤ እኔ ሰዉ መሐል ልቀመጥ» አሉኝ። የዚያች ጃንጥላ የያዘች ሴት ፊልም ነበር። ወደ አዳራሹ በምታሳየው ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አንገቴን አስግጌ ከላይ አየኋቸው። በሦስተኛው ረድፍ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቁጭ ብለዋል። ሰዉ ሲስቅ አይስቁም፤ ሰዉ ዝም ሲል አንዳንዴ ብቻቸውን ይስቃሉ። አንድ ቦታ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት። ማሽኑ በእጄ ሥር ሞቅ ብሎ ያንኮራፋል፤ ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ንጹሕ የገብስ ጠላ መስሎ ይታያል።

ሲያልቅ ወጡና ግቢው ውስጥ ጠበቁኝ።

«ሰውየው አልመጣላትም እኮ» አሉኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ሳሳየው የመጣላት ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል አብረን ሠራን። ሥራውን ተካፈልን፤ ማሽኑን እሳቸው፣ ዘይቱን እኔ። እየቆየ ግን ጣሳው ውስጥ የሚያብረቀርቀው እየበዛ ሄደ። ከተማው ውስጥም ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ፤ ሰዉ ወደዚያ ሄደ፤ እሑድ የሚመጣልን በጣት የሚቆጠር ሆነ። አዳራሹን ለመጋዘን ሲፈልጉት ማሽኑን አንሥተን ከኋላ ክፍል እንድናስቀምጥ ታዘዝን።

የመጨረሻ ቀን ማሽኑን አስነሥተን አሞቅነው፤ አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩ። አጠብኩት። ከዚያ ሳጥኑን ባዶውን ልተወው ስል ጋሼ ከለከሉኝ።

«ሙዪው። እስከ ላይኛው መስመር።»

«አይሠራም እኮ ጋሼ።»

«ቢሆንስ? ባዶውን ከተውነው ይዝጋል።»

ሞላሁት። ብርድ ልብስ አልብሰን በገመድ አሰርነው። ጋሼ ጡረታ ወጡና ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ከዳባት ወዲያ ወዳለች ገጠር ገቡ። ማሽኑ በኋላ በአንድ መኪና ተጭኖ ወደ ጎንደር ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እኔም ዝውውር ጠይቄ ወደ ዳባት ተመለስኩ።

ጋሼን በየገበያው ቀን አገኛቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጨርቅ ተራ ቆመው ከነጋዴዋ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ለልጅ ልጃቸው ሻርፕ ሊገዙ ነው። ነጋዴዋ አረንጓዴ ነው ትላለች፣ እሳቸው ሰማያዊ ነው ይላሉ።

«ነይ ፍረጂን» አሉኝ ከሩቅ አይተውኝ።

ሻርፑን ተቀብዬ ወደ ፀሐዩ አዞርኩት። እኔም መለየት አቃተኝ፤ እንዲሁ ሦስታችንም ይዘነው ቆምን።